ከሳጥን ሥር የወጣው ኮት እና የጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ሕይወት

የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ የሆነ ሰው አንድ የማይቀርለት ጣጣ አለ። ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቹ በሄደ ቁጥር ዘመድ አዝማድ ያለውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ እያወጣ፣ እስቲ ይህ ምን እንደሆነ ንገረን ይለዋል። እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው። የሴት አያቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ቤታቸው ሊታደስ ዕቃ ስናወጣ፣ ከትልቁ የእንጨት ሳጥን ሥር፣ ከጋቢና ከአሮጌ ነጠላ በታች፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አንድ የወታደር ኮት ተገኘ።

ቤታቸው ያለው ተፍኪ ነው። ተፍኪን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሰበታን አልፋችሁ የበቾ ሜዳ ላይ የምታገኟት አነስተኛ ከተማ ናት። ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጤፍና ሽምብራ ይሞላዋል።

ኮቱን ከእኛ መካከል በዓይኑ ያየው አልነበረም፤ ወሬውን ግን ሁላችንም ሰምተነዋል። ቅድመ አያቴ በጣሊያን ጊዜ እዚያው በቾ ሜዳ ላይ ከጣሉት የጠላት መኮንን የገፈፉት ነው ይባል ነበር። አጎቴ እንዲያውም ሚያዝያ 27 ለሚከበረው የአርበኞች ቀን ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ወስዶ ለልጆቹ ሊያሳየው ቸኩሎ ነበር። ከዚያ በፊት ግን የጣሊያን መሆኑን አንተ አረጋግጥልን ብሎ ኮቱን ለእኔ ሰጠኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ተቀበልኩ። ብዙም ሳልቆይ ኮቱ የጣሊያን እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ መንገዱም ካላሰብኩት ሰው፣ ከሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ሕይወት ጋር አገናኘኝ።

ኮቱ ምን ይናገራል?

አንድ ልብስ የማን እንደሆነ ለማወቅ ወሬውን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ ልብሱን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በክፍል ውስጥ ስለ ሰነድ ምርመራ የተማርነው ለጨርቅም ይሠራል። ማን ሠራው? መቼ ተሠራ? ለማን ተሠራ? ከተሠራ በኋላስ ምን ተደረገበት?

መጀመሪያ ኮሌታውን አየሁ። የጣሊያን ወታደር በኮሌታው ግራና ቀኝ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ያደርግ ነበር። በእኛ ኮት ላይ ኮከብ ቀርቶ ኮከብ የነበረበት ቀዳዳ እንኳ የለም። ጨርቁም የጣሊያን ሠራዊት ይለብሰው እንደነበረው ግራጫማ ሱፍ ወይም የቅኝ ግዛት ካኪ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ የጥጥ ልብስ ሲሆን፣ አራት ትልልቅ ኪሶች፣ የተሸፈኑ ቁልፎች፣ ወገቡ ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል የሚጠብቅ ገመድ አለው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአንገቱ በታች የተሰፋችው የደበዘዘች ነጭ ጨርቅ ናት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሲሆን ልብሱ ለአሜሪካ ጦር የተሠራ መሆኑን ይገልጻል። ይህ ዓይነቱ የሜዳ ኮት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ነው። በእኛ ሲቆጠር 1935 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ጣሊያን ከአዲስ አበባ የወጣው ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ገና ያልተሰፋ ኮት ከማን ላይ ይገፈፋል? የቅድመ አያቴ ታሪክ እዚህ ላይ አበቃ።

ሦስተኛው ማስረጃ የግራው ትከሻ ነው። ኮቱ በሙሉ ፀሐይ መትቶት ገርጥቷል፤ ትከሻው ላይ ግን የብርጭቆ አፍ የምታህል፣ ቀለሟ ያልለቀቀ ክብ ቦታ አለች። ዙሪያዋን የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ሁለት ሦስት ቀይ ክሮችም ቀርተዋል። ክሩ በእርጅና የተበጠሰ አይደለም፣ በምላጭ የተቆረጠ ነው። አንድ ሰው ምልክቱን ሆን ብሎ አንስቶታል።

አራተኛው ከውስጥ ኪስ ሥር በቀለም የተጻፈ ስም ነው። የወንድ አያቴ ስም ነበር፤ ከጎኑም ክ.ዘ. የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። አያቴ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ክብር ዘበኛ ነበሩ ሲባል ጠፍ ጠፍ ያለ ወሬ ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን በቤታችን ተነግሮ አያውቅም።

ኮቱን ይዤ አዲስ አበባ ወዳሉ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ኮሪያ የዘመቱ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ክቧን ቦታ በጣታቸው ዳበስ አድርገው ወረቀት ጠየቁኝና ክብ ሠሩ፤ በውስጡም ሁለት የእንግሊዝኛ ሰባት ቁጥሮች፣ አንዱን ቀጥ ሌላውን ዘቅዝቀው ሣሉ። ሁለቱ ሰባቶች ሲገጣጠሙ የአሸዋ ሰዓት መሰሉ። በቀይ ክብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቆች ኮሪያ ውስጥ የተመደቡት በዚሁ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። አዛውንቱ ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው የወጣትነት ፎቶ ያው ክብ ምልክት ትከሻቸው ላይ ይታያል።

ስለዚህ ኮቱ የኮሪያ ዘማች ኮት ነው፤ ባለቤቱም አያቴ ናቸው። የቀረው ጥያቄ ግን ከዚህ የከበደ ሆነብኝ። ኮሪያ መዝመት የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ታድያ ምልክቱ ለምን ተነሣ? ኮቱስ ለምን የጣሊያን ተባለ? መልሱን ያገኘሁት የዚያን ክብር ዘበኛ ያደራጁትን ሰው ታሪክ ሳነብ ነው።

የሆለታው ዕጩ መኮንን

ሙሉጌታ ቡሊ ለሕዝብ ታሪክ የገቡት በሆለታ በር ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከኢጣልያ ጋር ጦርነት እንደማይቀር በተረዱበት ሰዓት፣ በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ገነት ላይ ዘመናዊ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። የተመረጡት ተማሪዎች ቀድሞውኑ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ሲሆኑ ሙሉጌታ አንዱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የቀድሞው ክብር ዘበኛ ተፋልሞ ተጎዳ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሄዱ፤ አዲስ አበባም ተያዘች። ከሆለታ ዕጩ መኮንኖች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አቅንተው ወለጋ ውስጥ የጥቁር አንበሳ ድርጅትን ከመሠረቱት መካከል ሆኑ። ድርጅቱ ልዑል ራስ እምሩን መሪው አድርጎ ቢንቀሳቀስም በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ እጅ ሰጠ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የካቲት 12 መጣ፤ ከተማሩት ወጣቶች መካከል በርካቶቹ፣ የሆለታዎቹም ጭምር ተረሸኑ።

ሙሉጌታ ከዚህ እልቂት ተርፈው ለስደት ከበቁት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። ይህንን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከነጻነት በኋላ ዘመናዊ ሠራዊት ለማቋቋም ሲታሰብ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ መኮንን በጣት የሚቆጠር ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ አንድ ወጣት የንጉሠ ነገሥቱን ዘበኛ የመምራት ኃላፊነት ሊጣልበት የቻለው አንድም በችሎታው፣ አንድም የትምህርት ጓዶቹ በማለቃቸው ነው።

ክብር ዘበኛን እንደገና ማቋቋም

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ክብር ዘበኛ እንደ አዲስ ተደራጀ፤ አዛዡም ሙሉጌታ ቡሊ ሆኑ። በዚህ ሥልጣን እስከ 1948 ዓ.ም. ገደማ ቆይተዋል። ወደ አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

በእነዚህ ዓመታት የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ከ1938 ዓ.ም. ወዲህ የስዊድን መኮንኖች ተመልሰው መጥተው የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን አሠለጠኑ። ከየአውራጃው የመጣ የገበሬ ልጅ በሰልፍ መሄድ ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍ፣ ንጽሕናውን መጠበቅ፣ ስፖርት መሥራት ተማረ። ክብር ዘበኛ በአለባበሱም በሥልጠናውም ከሌላው ጦር ተሽሎ ታየ። ይህ የሚያኮራ ነበር፤ ነገር ግን በምድር ጦሩ ዘንድ ቅሬታ ማሳደሩ አልቀረም። የኋላው መዘዝ አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የጄኔራሉን ባሕርይ በሚመለከት የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚስማሙበት ነገር ወታደሩ ይወዳቸው እንደነበር ነው። የመሳፍንት ቤት ልጅ ሳይሆኑ በትምህርትና በሥራ ለዚያ ደረጃ መብቃታቸው ከተራው ወታደር ጋር ያቀራርባቸው ነበር።

ቃኘው

ሰኔ 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ተጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ጦር እንዲልኩ ሲጠየቁ ኢትዮጵያ ፈቃደኛ ሆነች። የዚህ ውሳኔ መነሻ ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የሆነው ነገር ነው። ያኔ ኢትዮጵያ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆማ የጋራ ደኅንነት ይከበር ብትል ሰሚ አላገኘችም። ለራሷ ያልተደረገላትን ለሌላ የተወረረ አገር ማድረግ ለንጉሠ ነገሥቱ የመርህ ጉዳይ ነበር።

ዘማቹ ጦር የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ነው፤ ስለዚህም ዝግጅቱ በጄኔራል ሙሉጌታ እጅ ወደቀ። ወታደሮቹ ኮሪያን በሚመስል ተራራማ ቦታ ለወራት ልምምድ አደረጉ። ስሙም የንጉሠ ነገሥቱ አባት የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም የሆነው ቃኘው ተባለ። ኮሎኔል ከበደ ገብሬ የዘማቹ ጦር የበላይ ሆነው ተመደቡ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የያዘው የመጀመሪያው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በአሜሪካ መርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። እዚያም የአሜሪካ ልብስና መሣሪያ ታደለው። ከሳጥን ሥር የወጣው ኮት መነሻው ይህ ነው።

ቃኘው እስከ ተኩስ ማቆሙ ስምምነት፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ በየተራ እየተተካ ተዋጋ። ከ120 በላይ ወታደሮች ሲሞቱ 536 ቆሰሉ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ጄኔራል ሙሉጌታ ኮሪያ ላይ ተሰልፈው አልተዋጉም። የቃኘው ሰው በበረዶ ውስጥ ጓዱን ሳይጥል ሲዋጋ የታየው ዲሲፕሊን ግን እርሳቸው በሚመሩት ሠፈር የተተከለ ነበር።

ከሠፈር ወደ ቢሮ

በ1948 ዓ.ም. ገደማ ጄኔራሉ ከክብር ዘበኛ ተነሥተው ወደ ቤተ መንግሥቱ የልዩ ካቢኔ ኃላፊነት ተዛወሩ፤ ቀጥሎም የሕዝቡን ኑሮ ለማሻሻል የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆኑ። በወረቀት ሲታይ እድገት ነው። ጥቂት የማይባሉ ጸሐፊዎች ግን ሹመቱን የሚረዱት በሌላ መንገድ ነው። ወታደር የሚወደው አዛዥ ለዙፋን አይመችምና ከወታደሩ እንዲርቁ ተደርጓል ይላሉ። በቦታቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ተተኩ።

ክብር ዘበኛ በዚህ ጊዜ ስሙ ገና እየገነነ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ አመጣ። ከዚያ በኋላ ግን ክብር ዘበኛ በክብር የቆየው ሦስት ወር ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 1953

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ የመንግሥት ግልበጣ ጀመሩ። እቴጌ መነን በጠና ታመዋል ተብሎ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተጠርተው ታገቱ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጄኔራል ሙሉጌታም ከእነርሱ ጋር ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ግልበጣ አድራጊዎቹ ልዑል ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም ብለው አወጁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስማቸው በወታደሩ ዘንድ ክብደት ነበረው። ሰውየው ግን በአንድ በኩል በአዋጅ የሠራዊቱ አለቃ ተብለው፣ በሌላ በኩል በራሳቸው የቀድሞ ወታደሮች ጥበቃ ሥር ታጋች ነበሩ።

ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ለዘውዱ ታማኝ ሆነው ቆሙ። የታማኙን ጦር ከመሩት አንዱ ያኔ ቃኘውን ወደ ኮሪያ ይዘው የሄዱት ከበደ ገብሬ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ግልበጣውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በከተማዋ መካከል ታንክና መድፍ ተተኮሰ። ክብር ዘበኛ መሸነፉ ሲታወቅ፣ ገነተ ልዑል ውስጥ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል በታጋቾቹ ላይ ጥይት ተርከፈከፈ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድና ሌሎችም ሞቱ። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። አሥራ አምስት ዓመት የኮተኮቱት ጦር መሪዎች እጅ ላይ ሕይወታቸው አለፈ።

ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ተይዘው በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጡ። ገነተ ልዑል ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ለማየት ስንገባ የምንረግጠው ያንኑ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ለማስታወሻ ፎቶ የምንነሣበት ደረጃ በዚያ ሰሞን ምን እንዳየ አናስብም።

ኮቱ ለምን ተደበቀ?

አሁን ወደ ተፍኪ ልመለስ። የጄኔራሉን ታሪክ ጨርሼ ለአጎቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር አስታወሰ። አባቱ ከከተማ ጠቅልለው የገቡበትን ጊዜ እናቱ በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በሥራ ነበር የሚቆጥሩት፤ የጤፍ ውቂያ ላይ፣ ማታ፣ በእግራቸው፣ ጋቢ ለብሰው መጡ ይሉ ነበር። በበቾ የጤፍ ውቂያ ታኅሣሥ ነው። ዓመቱን ስናሰላው 1953 ሆኖ ተገኘ።

ከታኅሣሥ በኋላ ክብር ዘበኛ መሆን የሚያስጠረጥር ነገር ሆኖ ነበር። ጦሩ ተበተነ፤ ከተያዘው የታሰረ አለ፣ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር የተላከም አለ፤ ኋላም ክብር ዘበኛ በአዲስ መልክ ተቋቋመ። አያቴ በግልበጣው ጊዜ አለቃው እዘዝ ያለውን የሚፈጽም አንድ ተራ ወታደር ነበሩ። ተራ ወታደር ደግሞ ምን ተብሎ እንደታዘዘ ማንም አይጠይቅለትም። ከዚያ 1966 መጣ። በደርግ ዘመን ኮሪያ መዝመት ከአሜሪካ ጎን ሆኖ ኮሙኒስትን መውጋት ተብሎ የሚተረጎም ስለነበር ዘማቾቹ ወሬያቸውን ዋጥ አድርገው ኖሩ። አንድ ኮት በሁለት መንግሥት ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሳስበው አያቶቼ የዋሹን አይመስለኝም። ያን ኮት መጣል አልሆነላቸውም፤ ጓዶቻቸው የሞቱበት ልብስ ነው። ማሳየትም አልቻሉም። ስለዚህ በየትኛውም መንግሥት የማያስጠይቀውን ታሪክ አለበሱት። የጣሊያን ምርኮ በንጉሡም በደርግም ዘመን ክብር ነው። ምላጩ ምልክቱን አነሣ፣ ወሬው የቀረውን ሸፈነ።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የቃል ታሪክ ስንሰበስብ የተሳሳተ ወሬ ስናገኝ ቶሎ እንሰርዘዋለን። እኔም ልሰርዘው ነበር። ነገር ግን ስሕተቱ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ምን እንደፈራ ይናገራል። ስለ ጄኔራል ሙሉጌታ በመጽሐፍ ሲጻፍ ስለ ሹመታቸውና ስለ አሟሟታቸው ይጻፋል። እርሳቸው ባደራጁት ጦር ውስጥ ያለፉት የገበሬ ልጆች ከታኅሣሥ በኋላ እንዴት እንደኖሩ ግን የሚገኘው በየቤቱ ሳጥን ሥር ነው።

አጎቴ ሚያዝያ 27 ኮቱን ወደ ትምህርት ቤቱ አልወሰደውም። ከረጢቱን ጥሎ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለለው፤ እኔም በአንድ ወረቀት ላይ የአያቴን ስም፣ ክብር ዘበኛ፣ ቃኘው፣ ኮሪያ ብዬ ጽፌ ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። የተቆረጠው ምልክት በአዲስ ይተካ ወይ የሚለው ጥያቄ በቤተሰቡ መካከል ተነሥቶ ነበር። ክቧ ቦታ ባዶዋን ትቆይ አልን። እናንተም ለእረፍት ስትሄዱ የአያቶቻችሁን ሳጥን እስቲ አንዴ ከፈት አድርጉ።